ፉሪዳሺ፦ በመዳፍ የምትያዝ የጃፓን የጣፋጭ ዕቃ



ዛሬ የምናገረው መዳፍ ውስጥ ገብታ ልትጠፋ ስለምትችል አንዲት ዕቃ ነው። ቁመቷ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሆዷ ድቡልቡል፣ አንገቷ አጭርና ቀጭን፣ አፏ ጣት እንኳ እንደ ልብ የማያስገባ። እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር የተቃጠለ ሸክላ ናት። ላይዋን የማር ቀለም ያለው መስታወታማ ልባስ ሸፍኖታል። ልባሱ ወደ ታች ሲፈስ ቆይቶ መንገድ ላይ ረግቷል፤ ከዚያ በታች ያለው ሸክላ እርቃኑን ነው። አፏ ላይ የቀርከሃ ውታፍ ተሰክቷል። ጃፓኖች ፉሪዳሺ ይሏታል። ነቅንቀው ጣፋጭ የሚያወጡባት ዕቃ ናት።

ስለ ጃፓን የሻይ ሥርዓት በተነገረ ቁጥር ቀድሞ የሚነሣው የሻይ መጠጫው ነው። መሳፍንት ተፎካክረውበታል፤ ለአንዳንዱም እንደ ሰው ስም ወጥቶለታል። ፉሪዳሺ በዕቃዎቹ ዝርዝር ውስጥ ከተጠቀሰች እንኳ ወደ መጨረሻው ላይ ናት። እኔ የመረጥኋት ግን የአንድ አገር የስኳር ታሪክ፣ የባሕር ንግድ፣ የእሳት ሙያና የእንግዳ አቀባበል ሁሉ በዚያች ቀጭን አንገት በኩል ሲያልፉ ስለሚታዩ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

አስቀድመን ሥራዋን እንመልከት። እንግዳው ታጥፎ የተሰናዳ ነጭ ወረቀት ከፊቱ ያኖራል። ዕቃዋን አንሥቶ ውታፏን ይነቅላል፤ ዘንበል አድርጎ ቀስ እያለ ይነቀንቃታል። ከወረቀቱ ላይ ጥቂት የስኳር ፍሬዎች ጠብ ጠብ ይላሉ፤ ነጭ፣ ሮዝ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ዙሪያቸውን ጉብታ ጉብታ ያወጡ። ውታፏን መልሶ ወደ ቀጣዩ እንግዳ ያሳልፋታል። ጣፋጩ ተበልቶ ካበቃ በኋላ በሙቅ ውኃ የተመታው አረንጓዴ ዱቄት ሻይ ይቀርባል። ስኳር አይገባበትም፤ መራራ ነው፤ መራራነቱም የሚጣፍጠው ስኳሩ ምላስ ላይ ትቶት በሄደው ጣዕም ነው።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ አለ። ለሻይ የሚቀርብ ሌላው ጣፋጭ በሰፊ ሳሕን ወይም በትሪ ላይ ተደርድሮ ለዓይን ይቀርባል። ይህኛው ለምን አንገተ ቀጭን ዕቃ ውስጥ ይደበቃል? ለምንስ እየተነቀነቀ ይወጣል?

መልሱ ከስኳር በፊት ይጀምራል። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ዕቃዎች ቀድሞ ይይዙ የነበረው ተቆልቶ የተፈጨና መዓዛ የተጨመረበት የእህል ዱቄት ነበር። እንግዳው ወደ ሻይ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት በመጠበቂያው ስፍራ ይቀመጣል፤ በዚያም ከዱቄቱ ጥቂት ሙቅ ውኃ ላይ ነስንሰው ይሰጡታል። ለመነስነስ ጠባብ አፍ ያሻል። አንገቷ የተሠራችው ለዚህ ነው። በኋላ ስኳር መጥቶ ይህንኑ ቤት ወረሰ፤ ጠባቡ አፍም ለአዲሱ እንግዳ ከቀድሞው ይበልጥ ተስማማው። ስኳር ውድ ነበርና።

ምን ያህል ውድ እንደነበረ ለመረዳት የሻይን ሥርዓት መልክ ያስያዘውን የሴን ኖ ሪክዩን ዘመን ማሰብ ይበቃል። ሪክዩ የኖረው ከ1522 እስከ 1591 ነው። እርሱ እንግዶቹን በሻይ ሲቀበል ያቀርብ የነበረው “ጣፋጭ” የተጠበሰ ቼስትነት የተባለ የዛፍ ፍሬ፣ የባሕር አረም፣ እንጉዳይ፣ ወይም ስስ የስንዴ ቂጣ ላይ ሚሶ የተባለ የአኩሪ አተር ድልህ ተቀብቶ የተጠቀለለ ነበር። ዛሬ በሥነ ሥርዓቱ ላይ የምናየው በአበባ ቅርጽ የተሠራ ጣፋጭ ሁሉ ከእርሱ ዘመን በኋላ የመጣ ነው።

በዚያው ዘመን፣ በ1569 ሉዊስ ፍሮይስ የተባለ ፖርቱጋላዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በኪዮቶ ከተማ ከኦዳ ኖቡናጋ ፊት ቀረበ። ኖቡናጋ የጃፓንን የጦር መሳፍንት አንድ በአንድ እያንበረከከ የነበረ፣ ብዙዎች የሚፈሩት ሰው ነው። ፍሮይስ ወንጌል ለመስበክ ፈቃድ ሲለምን ከያዛቸው ስጦታዎች መካከል ሻማዎችና አንድ የብርጭቆ ዕቃ ነበሩ። የብርጭቆው ዕቃ የተሞላው ፖርቱጋሎች ኮንፌይቶ በሚሉት የስኳር ፍሬ ነው፤ ጃፓኖች ኮንፔይቶ አሉት። ፈቃዱም ተሰጠ። የስኳር ፍሬ ብቻ አስገኘው ማለቴ አይደለም፤ ኖቡናጋ የራሱ የፖለቲካ ስሌት ነበረው። ሆኖም ለአንድ ኃያል ሰው የሚመጥን እጅ መንሻ ተደርጎ መቅረቡ የዚያን ዘመን የስኳር ክብር ይነግረናል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ ነገር ስላለ ጥቂት ልቆይ። የፍሮይስ መንገድ የተነሣው ከጎዋ ነው፤ ፖርቱጋሎች በህንድ የያዙት ወደብ። በ1541 የፖርቱጋሉን የጦር አዛዥ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማን ከ400 ወታደሮች ጋር ምጽዋ ያደረሱት መርከቦችም የተነሡት ከዚያው ከህንድ ግዛታቸው ነበር። ፖርቱጋሎች የጃፓንን ምድር የረገጡት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1543 ነው። ኢየሱሳውያኑም ወደ ሁለቱም አገሮች የተላኩት በዚሁ የባሕር መረብ ነበር። ፍጻሜውም ተቀራራቢ ሆነ። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከ1632 ጀምሮ ባሉት ሁለት ዓመታት ከአገር አስወጡ፤ ጃፓን በ1639 የፖርቱጋልን መርከቦች ሙሉ በሙሉ ከለከለች። ጃፓን ሰዎቹን አባርራ፣ ሃይማኖታቸውን በጽኑ ቅጣት ከልክላ፣ ጣፋጫቸውን ግን አስቀረች። ኮንፔይቶ፣ ካስቴላ የሚባለው ኬክ፣ አሩሄይቶ የሚባለው የስኳር ከረሜላ፣ ሦስቱም ዛሬ የጃፓን ናቸው፤ የመጡት ግን በእነዚያ መርከቦች ነው።

ከዚያ በኋላ ስኳር ወደ ጃፓን ይገባ የነበረው በቻይና መርከቦችና በናጋሳኪ ወደብ ዴጂማ በተባለች ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ተወስነው በሚነግዱት ደቾች በኩል ነበር። ከናጋሳኪ ተነሥቶ በኪዩሹ ደሴት የሚያልፈው ጎዳና ዛሬም “የስኳር መንገድ” እየተባለ ይጠራል፤ በዳርና ዳሩ ያሉ ከተሞች በጣፋጭ ሥራ ይታወቃሉ። ለስኳሩ ዋጋ የሚወጣው ብርና መዳብ ያሳሰበው ሾጉን፣ ማለትም የአገሪቱ የጦር ገዥ፣ ቶኩጋዋ ዮሺሙኔ ከ1716 እስከ 1745 በሥልጣን በቆየበት ዘመን ሸንኮራ አገዳ በአገር ውስጥ እንዲተከል አበረታታ። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማም ሺኮኩ በተባለችው ደሴት ዋሳንቦን የሚሉት ደቃቅና ለስላሳ ስኳር መመረት ጀመረ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ስኳር ከመኳንንቱ ማድ ወደ ነጋዴው፣ ከነጋዴውም ወደ ሌላው ሰው ቤት ቀስ በቀስ የወረደው።

ኮንፔይቶ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም፤ ዕቃዋ የተሸከመችው ድካም የሸክላ ሠሪው ብቻ አይደለምና። ትልቅና ዘንበል ያለ የብረት ድስት ከሥሩ እሳት እየነደደበት ይሽከረከራል። ውስጡ የሚገባው ፍሬ ቀድሞ ሰሊጥ ወይም የፖፒ ዘር ነበር፤ ዛሬ የተቆላ የሩዝ ስባሪ ወይም ጠጣር ስኳር ነው። ሠራተኛው የቀለጠ ስኳር በጭልፋ ያፈስበታል፤ ፍሬዎቹ እየተንከባለሉ ስኳሩን ይለብሱታል፤ ሲደርቅ እንደገና ያፈስበታል። በባህላዊው መንገድ ይህ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ፍሬው በቀን የሚያድገው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። የሙያው ሰዎች የድስቱን ሙቀትና የፍሬዎቹን ድምፅ በማዳመጥ መቼ እንደሚያፈሱ ያውቃሉ። ኢሃራ ሳይካኩ የተባለው ደራሲ በ1688 ባሳተመው ስለ ነጋዴዎች በሚተርክ መጽሐፉ የናጋሳኪ ሰዎች የዚህን ጣፋጭ ምስጢር ለማግኘት የደከሙትን ድካም ጽፏል። በኪዮቶም ከ1847 ጀምሮ ኮንፔይቶ ብቻ የሚሠራ ሱቅ እስከ ዛሬ አለ።

ጉብታዎቹ ከየት መጡ? ቴራዳ ቶራሂኮ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ፣ ከ1878 እስከ 1935 የኖረው፣ ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ይዞታል። ስኳሩ በሁሉም ወገን እኩል የሚለብስ ከሆነ ፍሬው ለስላሳ ኳስ መሆን ነበረበት። ነገር ግን በአጋጣሚ ጥቂት ከፍ ያለችው ነጥብ በቶሎ ታድጋለች፤ ባደገች መጠን ደግሞ ይበልጥ ታድጋለች። ሒሳቡን በአማካይ ብቻ የሚሠራ ሰው ይህችን ነጥብ ይስታታል። ቴራዳ የፊዚክስ ሰዎች አማካዩን እያዩ የሚዘሉት ትንሽ ልዩነት ቅርጽ ሊፈጥር እንደሚችል ከአንድ የስኳር ፍሬ ተነሥቶ ማስተማሩን በጣም አደንቃለሁ።

ደረቅ ስለሆነ ኮንፔይቶ ዓመታት ይቆያል። ለዚህም ነው መንገደኛ የሚይዘው። የጃፓን ሠራዊት ለወታደሮቹ በሚያድለው ደረቅ ብስኩት መካከል ኮንፔይቶ ይጨምር ነበር፤ ስኳሩ ጉልበት ይሰጣል፣ አፍንም በምራቅ ያርሳል፤ ደረቁ ብስኩት ያለዚያ አይዋጥም። ዛሬም ለመሬት መንቀጥቀጥ በየቤቱ በሚቀመጠው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የስኳር ፍሬ የሚገባው በዚሁ ምክንያት ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት በደስታ በዓሉ ለተጋባዦች በሚሰጣቸው ትንንሽ የብር ሙዳዮች ውስጥ የሚቀመጠው ይኸው ኮንፔይቶ ነው።

አሁን ወደ ሸክላዋ ልመለስ። ለእኔ ዋናው ፍቅር ያለው እዚህ ነው።

የእኛ ጀበና የሚቃጠለው በግልጽ እሳት ነው፤ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይሆናል። ሸክላው ይጠነክራል እንጂ ቀዳዳዎቹ አይደፈኑም፤ ውኃ በጥቂቱ ይመጠዋል። እንደ ፉሪዳሺ ያለችው ዕቃ ግን በተዘጋ የሸክላ መጋገሪያ ውስጥ ከ1200 እስከ 1300 ዲግሪ ትቃጠላለች። በዚህ ሙቀት የአፈሩ ቅንጣቶች በከፊል ቀልጠው እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሸክላው ሲመቱት እንደ ድንጋይ ይጮኻል፤ እርጥበትም አያሳልፍም። በጃፓን የበጋው መግቢያ ሳምንታት የሚዘልቅ የዝናብና የወበቅ ወራት ነው። ለስኳር ይህ ጠላት ነው። ጥቅጥቅ ያለ ሸክላ፣ በላዩ መስታወታማ ልባስ፣ አፉ ላይ ጥብቅ ውታፍ፤ ይህ ለጣፋጭ የታሰበ ምሽግ ነው።

ልባሱ ከምን ይሠራል? መነሻው አመድ ነው። እንጨት በሚነድበት መጋገሪያ ውስጥ አመዱ በነበልባሉ ተነሥቶ ዕቃዎቹ ላይ ያርፋል፤ ሙቀቱ ከፍ ሲል አመዱ በሸክላው ውስጥ ካለው ሲሊካ ጋር ቀልጦ መስታወት ይሆናል። ሸክላ ሠሪዎች መጀመሪያ ይህን በአጋጣሚ አዩት፤ በኋላ አመድ ከውኃና ከአፈር ጋር በጥብጠው ዕቃውን እየነከሩ ሆነ ብለው አደረጉት። በመካከለኛው ዘመን ከነበሩት ስድስት ታላላቅ የጃፓን የሸክላ መንደሮች መካከል ሆን ተብሎ ልባስ የሚቀባበት ሴቶ ብቻ ነበር፤ ዛሬ በአይቺ ክፍለ ሀገር ያለችው ከተማ። ልባሱ ውስጥ ብረት ሲኖርና በመጋገሪያው ውስጥ አየር ሲበዛ የማር ቀለምና ቡናማ ይወጣል፤ አየር ሲያንስ ያው ብረት አረንጓዴ ይሆናል። ከሴቶ ተራራውን ተሻግሮ ባለው በሚኖ ደግሞ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ17ኛው መባቻ መዳብ የተጨመረበት ደማቅ አረንጓዴ ተወለደ። የፉሩታ ኦሪቤ ስም የተሰጠው ይህ ነው። ኦሪቤ የሪክዩ ደቀ መዝሙር፣ የጦር ሰው፣ የተጣመመና የተዛነፈ ዕቃን ውበት ያስከበረ ሰው ነበር፤ በ1615 ራሱን እንዲገድል ተፈርዶበት ሞተ።

ይህችን የመሰለ አንገት መሥራት ሙያ ይጠይቃል። ሸክላ ሠሪው በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ መጀመሪያ ሆዷን ሰፋ አድርጎ ያወጣል። ከዚያ በሁለት እጁ ጣቶች ከላይ አንቆ ያጠባታል። ሲያጠባት ጭቃው ይወፍራል፤ ስለዚህ እያጠበበ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ካልሳበው ይሸበሸባል፤ ከልክ በላይ ከሳበው ይቀደዳል። አፉ ከጠበበ በኋላ ጣቱ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ሆዷ ውስጥ የቀረ ጉድለት ካለ ለዘላለም እዚያው ይቀራል። ቀጥሎ ዕቃዋን ከሰሌዳው በክር ይቆርጣታል። ሰሌዳው እየተሽከረከረ ከተቆረጠች መቀመጫዋ ላይ ጠመዝማዛ መስመር ይታያል። ዕቃዋን ገልብጣችሁ ይህን መስመር ስታዩ የሸክላ ሠሪው እጅ የተንቀሳቀሰበትን አንድ ቅጽበት እያያችሁ ነው። መቀመጫዋ ልባስ አይቀባም፤ ከተቀባ ሲቀልጥ ከመደርደሪያው ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ የመቀመጫዋ እርቃን ለሚመረምራት ሰው ዋና ማስረጃ ነው። የአፈሩ ቀለም፣ ሸካራነቱ፣ በውስጡ ያለው ጠጠር ከየትኛው መንደር እንደመጣች ይናገራሉ። ልባሱን አስመስሎ መሥራት ይቻላል፤ አፈርን ማስመሰል ግን ከባድ ነው።

ፉሪዳሺ ቋሚ ቤቷን ያገኘችው ቻባኮ በተባለው ሳጥን ውስጥ ነው። ቻባኮ የመንገድ የሻይ ሳጥን ነው፤ የሻይ መጠጫው፣ የዱቄቱ ዕቃ፣ የቀርከሃው መምቻ፣ ማንኪያውና የጣፋጩ ዕቃ ሁሉ አንዱ በሌላው ጎን ተሸጉጠው ይገቡበታል። ሳጥኑን ይዞ ከአበባ ዛፍ ሥር፣ ከወንዝ ዳር፣ ወይም ከጉዞ መካከል ሻይ ማፍላት ይቻላል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ኡራሴንኬ የተባለው የሻይ ሥርዓት ትምህርት ቤት 11ኛ አለቃ የነበረው ጌንጌንሳይ፣ ከ1810 እስከ 1877 የኖረው፣ ለዚህ ሳጥን በበረዶ፣ በጨረቃና በአበባ የተሰየሙ ሥርዓቶችን አዘጋጀለት። ይኸው ሰው በ1872 በኪዮቶ ለተደረገው ኤግዚቢሽን ወለል ላይ መቀመጥ ለማይችሉ የውጭ እንግዶች በወንበርና በጠረጴዛ የሚቀርብ የሻይ ሥርዓት ያበጀ ነው። ሰውን ካለበት ሄዶ መቀበል የሚያውቅ ሰው ነበር ብዬ አምናለሁ።

በሳጥኑ ውስጥ የሻይ መጠጫው የሐር ከረጢት ይለብሳል፤ ፉሪዳሺዋ ደግሞ ከሐር ገመድ የተጠለፈ መረብ። መረቡ ከግጭት ይጠብቃታል፤ ልባሷንም አይሸፍንባትም። ሳጥኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በውስጧ የስኳሩ ፍሬዎች ሲንኳኩ ይሰማሉ።

ሁሉም ፉሪዳሺ ግን ለዚህ ሥራ ተብሎ አልተሠራም፤ ይህን በተለይ ማወቅ አለባችሁ። ሌላ ሕይወት የነበራቸው አሉ። ትንሽ የዘይት ጠርሙስ፣ የሳኬ መቅጃ፣ የመድኃኒት ዕቃ፣ ከቻይና የመጣ ነጭና ሰማያዊ ጠርሙስ፤ ዓይን ያለው የሻይ ሰው አንዱን አይቶ “ይህች ለጣፋጭ ትሆናለች” ይላል፤ ውታፍ ያስቆርጥላታል፣ መረብ ያሠራላታል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ፉሪዳሺ ትሆናለች። በሻይ ዓለም ይህ የከበረ ሥራ ነው፤ ሪክዩ ራሱ የዓሣ አጥማጅ ቅርጫት ወስዶ የአበባ ማስቀመጫ አድርጓል። እንዲህ ከሆነ የአንዲት አሮጌ ፉሪዳሺ ዕድሜ ሁለት ነው፤ ሸክላዋ የተቃጠለበት አለ፣ ለጣፋጭ የተመረጠችበት አለ። ሁለቱ በአንድ መቶ ዓመት ሊራራቁ ይችላሉ። ሻጮች የመጀመሪያውን ብቻ ይነግሯችኋል።

አፏ ከተሸረፈ ኡሩሺ በሚባለው የዛፍ ሙጫ ተሞልቶ ላዩ በወርቅ ዱቄት ይደመቃል። ሙጫው የሚጠነክረው በእርጥበት ውስጥ ስለሆነ ጥገናው ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ጥገና በዓለም ዙሪያ ብዙ ተብሏል፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በፉሪዳሺ ላይ ወርቁ በብዛት የሚገኘው ከንፈሯ ላይ ነው፤ ውታፉ ስንት ጊዜ እንደተነቀለና እንደተመለሰ ከዚያ ይነበባል። ብዙ የተነቀነቀች ዕቃ ብዙ እንግዳ ያስተናገደች ናት።

አብዛኞቹ አሮጌ ፉሪዳሺዎች ከሳጥናቸው ተለይተው ነው ወደ ገበያና ወደ ሙዚየም የሚደርሱት። ውታፉ ይጠፋል፣ መረቡ ይበሰብሳል፣ የስም ጽሑፍ ያለበት የእንጨት ሳጥን ለብቻው ይሸጣል፤ ዕቃዋ በመስታወት መደርደሪያ ውስጥ “ትንሽ ጠርሙስ” ተብላ ትቆማለች። ይህ ያሳዝነኛል። እንዲህ ያለች ዕቃ በእጃችሁ ከገባች ውስጧን በሳሙና አትጠቡ፤ ግድግዳዋ ላይ የቀረው ቅሪት ዘይት ይዛ እንደነበረ ወይም ስኳር ሊነግራችሁ ይችላል። መቀመጫዋን በሻካራ ነገር አትፈግፍጉ። ውታፍ ካላት፣ የተሰነጠቀም ቢሆን፣ አትጣሉት። አሮጌ ገመድ፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ የሳጥን ክዳን አብሯት ከመጣ ሁሉንም አብራችሁ አኑሩ፤ በክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍም ለሚያነብ ሰው አሳዩ። የሠሪው ወይም የባለቤቱ ስም፣ አንዳንዴም የተሰጠችበት ምክንያት የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።